መጀመሪያ ማውጣቱን ተማሪ

ጥያቄ

ሰላም ላንቺ፣ ወይም ለእርስዎ። የትኛውን ልበል ብዬ ብዙ አሰብኩ። ዓምድሽን ሳነብ ታላቅ እህቴን ስለምትመስዪኝ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ።

የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ፔሬድ ማየት ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ ከሞዴስ ሌላ ነገር ተጠቅሜ አላውቅም። ታምፖን (ብልት ውስጥ የሚገባውን ጥጥ) እንኳን ሞክሬ አላውቅም። ባለፈው ወር እህቴ የወር አበባ ካፕ፣ ብልት ውስጥ ገብቶ ደሙን የሚይዝ ትንሽ የሲሊከን ኩባያ፣ ገዝታ ሰጠችኝ። እሷ ሦስት ዓመት ተጠቅማበታለች። "ከሞዴስ ገላገለኝ" ትላለች። እኔን ግን ከነፍሴ ሊገላግለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ሥራ ልሄድ ስል አስገባሁት። እንዴት እንደገባ አላውቅም፣ ብቻ ገባ። እኩለ ቀን ላይ ሱሪዬን አበላሸሁ። ማታ ቤት ገብቼ ላወጣው ስል ከሥሩ ያለውን ጭራውን ይዤ ጎተትኩት። አመመኝ። ደግሜ ጎተትኩ፣ ጭራሽ ወደ ላይ የሸሸ መሰለኝ። አርባ ደቂቃ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በመጨረሻ ወጣ፤ እንዴት እንደወጣም አላውቅም። አሁን ታጥቦ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ያየኛል።

ሰውነቴ ከሌላው ሰው የተለየ ይሆን? እዚያው ጠፍቶ ሊቀርስ ይችላል? ሥራ ቦታ እያለሁ ቢሞላብኝ ምን አደርጋለሁ? ልጣለው ወይስ ልድገመው?

መሳቢያ መክፈት የፈራችው

መልስ

አንቺ በይኝ፣ ይመቸኛል። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠን ያለቀስን ሰዎች አንቱ አንባባልም።

የኔው ሃምሳ ደቂቃ ነው የፈጀው። ያኔ 38 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፣ ሰውነቴን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ትንሿ ልጄ በሩን እየደበደበች "እማ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" ትለኛለች። "ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው" አልኳት። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ጥርስ! በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኜ አዋላጅ ነርስ ለሆነች ጓደኛዬ ደወልኩላት። ነግሬያት ሳልጨርስ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ "መጎተትሽን ተይ። ቁጢጥ በይና ወደ ታች ግፊ" አለችኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ካፕ ለምትጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ከማስገባቱ በፊት ማውጣቱን ተማሪ። የኔ ካፕ ይዞት የመጣው ወረቀት ስለ አስተጣጠፍ በሥዕል በሥዕል አድርጎ ያስረዳል። ስለ ማውጣት ሁለት መስመር ጽፎ ያልፋል። ሰው የሚደነግጠው ግን እዚያ ላይ ነው።

ለምን እንደተጣበቀብሽ ልንገርሽ። ልጅ ሆነሽ ብርጭቆ አፍሽ ላይ ገጥመሽ፣ አየሩን ስበሽ፣ ያለ እጅ አንጠልጥለሽው አታውቂም? ካፑም እንደዚያው ነው። ታጥፎ ይገባል፣ ውስጥ ሲደርስ ይከፈታል፣ ጠርዙ የብልትሽን ግድግዳ ዙሪያውን ይዞ አየር እንዳያልፍ ይዘጋል። ደሙን ሳያፈስ የሚይዘው ለዚህ ነው። ጭራውን ብቻ ይዘሽ ስትጎትቺ ደግሞ የምትታገዪው ከዚያ አየር ጋር ነው። ብርጭቆውን ከአፍሽ ስታላቅቂ ጎኑን ትንሽ ከፈት ታደርጊለታለሽ እንጂ ከንፈርሽን አትገነጥዪም።

እና በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ አድርጊ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጥፍርሽ ረጅም ከሆነ አሳጥሪው። ቁጢጥ በይ። ቁጢጥ ስትዪ መንገዱ ያጥራል። ትከሻሽን ልቀቂ፣ ጥርስሽንም አትንከሺ። ከዚያ ሽንት ቤት እንደተቀመጠ ሰው ቀስ ብለሽ ሦስት አራቴ ወደ ታች ግፊ። ካፑ ራሱ ወደ ጣትሽ ይመጣል። ጭራውን መንገድ መሪ አድርጊው እንጂ ገመድ አታድርጊው። ተከትለሽው ወደ ላይ ስትሄጂ የካፑን ቂጥ ታገኚያለሽ። እሱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ጨመቅ አድርጊ። ካልለቀቀ አንድ ጣት በጎኑ ወደ ላይ አስገቢና ጠርዙን ወደ ውስጥ ተጫኚው። አየር ሲገባ ይታወቅሻል፣ አንዳንዴ ድምፅም አለው። አሁን ወዲህና ወዲያ እያወዛወዝሽ፣ የጠርዙን አንዱን ጎን አስቀድመሽ ሌላውን አስከትለሽ አውጪው። ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ አለዚያ ወለል መወልወል ይጠብቅሻል።

አልወጣም ካለስ? ተነሺ። ልብስሽን ልበሺ። ውኃ ጠጪ፣ ከሰው ጋር አውሪ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሺ። "ወደ ላይ ሸሸ" ያልሽው እውነት ነው፣ ግን የሸሸው ካፑ ሳይሆን አንቺ ነሽ። ሰው ሲፈራ እዚያ አካባቢ ያሉት ጡንቻዎች ይጨበጣሉ። የተጨበጠ ጡንቻ ካፑን ወደ ላይ ይስበዋል። ሲረጋጉ ይለቁታል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። አየሩ ሳይለቅ በጉልበት መጎተት ሕመም ብቻ አይደለም ጣጣው። ካፕ ሲጠቀሙ የቆዩ አንዳንድ ሴቶች ማህፀናቸው ወይም የፊኛቸው ግድግዳ ወደ ታች እንደወረደባቸው ተዘግቧል፤ እንዲህ ያለው ጉተታም ይጠረጠራል። ታች የሚከብድሽ ወይም የሚገፋ ነገር ከተሰማሽ ካፑን አቁሚና ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጠፍቶ ስለመቅረት። አይጠፋም፣ መሄጃ የለውም። ብልት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን፣ ጫፉ ዝግ የሆነ መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው የማህፀን በር ነው፣ የሱ ቀዳዳ ደግሞ ሚሊ ሜትሮች ብቻ ናት። አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካፕ በዚያ አያልፍም። ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ግን ይችላል። ሞክረሽ ሞክረሽ ከገባ 12 ሰዓት ከሞላው ጤና ጣቢያ ሂጂ። አዋላጅ ወይም ሐኪም በቀላሉ ያወጣልሻል። ያቺ ጓደኛዬ "ይሄማ ምን አላት" ነው ያለችኝ፣ ከዚህ የባሰ ስንት አይታለች።

ሰውነትሽ የተለየ ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ የሁላችንም የተለየ ነው። ሰው የሚለያይበት ዋናው ነገር የማህፀን በር ከፍታ ነው። ፔሬድሽ በመጣ ጊዜ ንጹሕ ጣትሽን አስገብተሽ ፈልጊው። የአፍንጫ ጫፍ ይመስላል፣ ጠንከር ያለ፣ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ። ጣትሽ የመጀመሪያው አንጓ ላይ ሳትደርስ ካገኘችው ዝቅ ያለ ነው፣ አጭር ካፕ ይስማማሻል። ሙሉ ጣትሽ ገብቶ ጭራሽ ካልነካው ደግሞ ረጅም ይሻልሻል። እህትሽ የገዛችልሽ ለእሷ የሚሆነውን ይሆናል። እህትማማች ጫማ ሊዋዋስ ይችላል፤ የማህፀን በር ግን አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል።

ጭራው ውጭ ወጥቶ ከቧጨረሽ በመቀስ ማሳጠር ይቻላል። ካፑ እጅሽ ላይ እያለ ማለቴ ነው! አይጻፍም ብዬ ነበር፣ ግን ሰው እንዳይሳሳት። አንቺ ለጊዜው አትንኪው፣ መንገድ መሪሽ ነው።

ሱሪሽ ለምን ተበላሸ? እኔ የምጠረጥረው ካፑ አልተከፈተም። "እንዴት እንደገባ አላውቅም" ብለሻል። ሲገባ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ወደ ወገብሽ ግርጌ አቅጣጫ ነው የሚገፋው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ላይ ሁለት እጥፍ አድርጎ በሲ (C) ቅርጽ ነው የሚያስገባው። እኔን የተመቸኝ ግን ሌላው ነው፤ የጠርዙን አንድ ጎን በጣት ወደ ውስጥ ወደ ታች ደፍቆ ጫፉን ማሾል። ጫፉ ስለሚቀጥን ቶሎ ይገባል። ከገባ በኋላ ቂጡን ይዘሽ ትንሽ አዙሪው፣ ጣትሽንም ዙሪያውን አስኪጂ። የታጠፈ ቦታ ካገኘሽ አልተከፈተም። ቀስ ብለሽ ሳብ ስታደርጊው እምቢ ካለ ይዟል ማለት ነው። ደረቅ ከሆነብሽ ጠርዙን በውኃ ወይም ውኃ በሆነ ማለስለሻ አርጥቢው። ሲሊከን ያለበት ማለስለሻ የሲሊከኑን ካፕ ስለሚጎዳ እሱን ተይው።

ሌላም ምክንያት አለ። ካፑ የማህፀን በሩን አልፎት በጎኑ ከተቀመጠ ደሙ ውጭ ውጭውን ይወርዳል። ስለዚህ ጣትሽ ውስጥ እያለች የማህፀን በሩ ከካፑ በላይ መሆኑን አረጋግጪ።

ሞልቶ ነው ብዬ ግን አላስብም። ይህን ስሰማ እኔም አላመንኩም ነበር። አንዲት ሴት በአንድ ፔሬድ፣ በሁሉም ቀናት ተደምሮ፣ በአማካይ የሚፈሳት ደም ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ካፕ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሞዴስ ላይ ተንጣሎ ስለምናየው ነው ባሕር የሚመስለን። በጎኑ መስመር ያለው ካፕ ከሆነ ስንት እንደሚወጣሽ ታያለሽ። ጠቅላላው ከ80 ሚሊ ሊትር ካለፈ በሕክምና ብዙ ነው ይባላል። ካፑ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጢም እያለ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ካፑን ትተሽ ራስሽን ታከሚ፤ ከዕጢ ጀምሮ እስከ ደም አለመርጋት ድረስ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ደም ማነስም ያመጣል።

ሥራ ቦታ ያልሽው ጭንቀት ስለዚህ ቀላል ነው። አብዛኞቹ ካፖች ከገቡ በኋላ እስከ 12 ሰዓት ይቆያሉ፣ የአንቺ ወረቀት ስምንት ካለ ስምንት። ጠዋት ቤት፣ ማታ ቤት። መሐል ላይ ማውጣት ግድ ከሆነብሽ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፣ ከዚያ ገብተሽ ድፊው፣ በሶፍት ጠርገሽ መልሺው። ቤት ስትገቢ በደንብ ታጥቢዋለሽ።

ደግሞ ሥራ ልትሄጂ ስትዪ መጀመርሽ! ማን መከረሽ? ቀጣዩን ሙከራ ዕረፍት ቀን ላይ አድርጊው፣ ቤት ውስጥ፣ ሞዴስም አድርገሽ። አስገቢ፣ ሁለት ሰዓት ቆይተሽ አውጪ። ደግመሽ አስገቢ፣ ደግመሽ አውጪ። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ካወጣሽው መሳቢያውን አትፈሪውም።

ልጣለው ወይ ላልሽው፣ ሦስት ፔሬድ ስጪው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዘ ላንሴት ፐብሊክ ኸልዝ የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ 43 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ ወደ 3,300 የሚጠጉ ሴቶችና ልጃገረዶች የተካተቱበት። ካፑ ከሞዴስና ከታምፖን የባሰ አያፈስም፣ አንዳንዴም ያነሰ ነው የሚያፈሰው። ከለመዱት ውስጥ ሰባ በመቶ ያህሉ መቀጠል እንፈልጋለን ብለዋል። ሰባ እንጂ መቶ አይደለም። ከሦስት ፔሬድ በኋላም ካልተስማማሽ ለእህትሽ "አልሆነኝም" በያት፣ አለቀ። ሞዴስ መጠቀም ኋላ ቀርነት አይደለም። ካፑም ቢሆን ያን ያህል አዲስ ነገር አይደለም፤ ሊዮና ቻልመርስ የምትባል አሜሪካዊት ተዋናይት እ.ኤ.አ. በ1937 የፈጠራ መብት አውጥታበታለች፣ ያኔ ጎማ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም የሚባል፣ ባክቴሪያ በሚያመነጨው መርዝ የሚመጣ ሕመም አለ። ስሙ የታወቀው በታምፖን ነው፤ በካፕ እጅግ ጥቂት ነው፣ ያ የ2019 ጽሑፍ አምስት አጋጣሚዎችን ብቻ ነው ያገኘው። ነገር ግን ካፑ ውስጥሽ እያለ ድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ራስ ማዞር፣ ፀሐይ ያቃጠለው የመሰለ ሽፍታ ከመጣብሽ፣ አውጥተሽ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ካፕ ተጠቅሜ ነበር ብለሽ ንገሪያቸው።

ጥያቄ

ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የእርግዝና መከላከያ) አስገብቻለሁ። ካፕ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ

ብዙዎች ይጠቀማሉ፣ ግን ካፕ በሚጠቀሙ ሴቶች ላይ ሉፕ የመውጣት ዕድሉ ከፍ እንደሚል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የሉፑ ክር በማህፀን በር በኩል ወርዶ ካፑ ያለበት ቦታ ድረስ ይመጣል። ካፑን በጉልበት ስትስቢው ወይም ክሩን አብረሽ ስትቆነጥጪው ሉፑ ሊከተል ይችላል። መጀመሪያ ሉፑን ያስገባልሽን ባለሙያ አማክሪ፣ ክሩን እንዲያሳጥርልሽም ጠይቂ። ከዚያ፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ አየሩን ሳትለቂ እንዳትስቢ። ከፔሬድ በኋላ ክሩን በጣትሽ ፈልጊው። ከረዘመ ወይም ከጠፋ እስክትታዪ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ።

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የ15 ዓመት ልጄ ዋና ትዋኛለች፣ በዚህም ምክንያት ካፕ ግዙልኝ ትላለች። ድንግልናዋን ያጠፋባታል ብዬ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

እናቴ፣ ጥያቄዎን አላቀልለውም፤ ብዙ እናቶች ያነሡታል። እርስዎ የሚያስቡት ስስ ሽፋን እንደ መጋረጃ የተዘጋ ነገር አይደለም። ቢዘጋ ኖሮ የወር አበባዋ ራሱ አይወጣም ነበር። መሐሉ ክፍት ነው፣ ቅርጹም ከሴት ሴት ይለያያል፣ ይለጠጣል። ካፕ ሊለጥጠው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ይህን አልደብቅዎትም። አንዳንዷ ግን ያለ ካፕም ተሰንጥቆ ይገኛል፣ ሌላዋ ከግንኙነት በኋላም እንዳለ ነው። ስለዚህ አይቶ ስለ ድንግልና መናገር አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቅር ያሉት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

የልጅዎን ዝግጁነት ግን ይጠይቋት። ጣቷን ማስገባት የምትጸየፍ ከሆነ ገና ናት። ዝግጁ ከሆነች ትንሹንና ለስላሳውን ይግዙላት። ለመሳቢያዋ ባለቤት የጻፍኩትን ያስነብቧት፣ በተለይ የማውጣቱን ክፍል። በሩን ግን አያንኳኩባት።

ጥያቄ

ባለትዳር ነኝ። ባለቤቴ ካፗን የምትቀቅለው እኛ ምግብ በምንሠራበት ድስት ነው። ታጥቧል ትለኛለች። እኔ ግን ያን ድስት ባየሁ ቁጥር ምግብ አልበላልህ አለኝ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ

ወንድሜ፣ እሷ ትክክል ናት፣ አንተም አልተሳሳትክም። ታጥቦ የተቀቀለ ሲሊከን ድስቱ ላይ የሚተወው አንዳች ነገር የለም። ግን ሆድ ሳይንስ አይሰማም። አንድ ትንሽ ድስት ግዛና "ያንቺ ነው" በላት። ምግብ ቤት ውስጥ የሚደረግ ትልቁ የፍቅር ስጦታ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ግን ትስቃለች።

አቀቃቀሉን ከያዝክላት ደግሞ የበለጠ ትወድሃለች። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ያደርቀውና ቀለም ይይዛል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና። ጠርዙ ሥር ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዳይረሱ፤ ካፑን ውኃ ሞልተህ አፉን በመዳፍህ ከድነህ ስትጨምቀው በቀዳዳዎቹ ይረጫል፣ ያጸዳቸዋል። ከፔሬድ እስከ ፔሬድ አንዴ አምስት ደቂቃ ይቀቀላል። የእንቁላል መምቻው ሽቦ ውስጥ አስገብተህ ብትቀቅለው የድስቱን ቂጥ አይነካም። (እሱንም ለብቻ ግዛ፣ አውቄሃለሁ።) ሲደርቅ በጨርቅ ከረጢት እንጂ በታሸገ ዕቃ አይቀመጥም።

ሰዓት ደግሞ ሙላ። እኔ አንዴ ጥጄው ስልክ ሳወራ ረሳሁት። ውኃው ተንኖ አለቀ፣ ካፑ ድስቱ ላይ አረረ፣ ሽታው ሁለት ቀን ቤቱን አልለቀቀም።